የጢማሟ ከረሜላ

ልጄ ከዱባይ ስትመለስ ጎረቤት ሁሉ የተሰበሰበው ሻንጣዋን ለማየት ነበር። እኔም ለዚያው ነው የቀረብኩት፤ አልዋሽም። ከዓረብ አገር የመጣ ሰው ሻንጣው እስኪከፈት ድረስ ጭሮ ውስጥ ወንበሩን የሚለቅ ጎረቤት የለም። ሻንጣው ተከፈተ። ልብስ፣ ሻምፖ፣ ደግሞ ልብስ። ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ጠበቀ። ከዚያ ልጄ እስከዚያች ደቂቃ ከትከሻዋ ያላወረደችውን ቦርሳ ከፈተችና ክዳኗ የተበሳሳ የፕላስቲክ ሣጥን አውጥታ መሬት ላይ አስቀመጠች። ሣጥኗ ውስጥ የሆነ ነገር አንድ ዓይኑን ገለጠና ቀጥ ብሎ አየኝ።

«በስመ አብ! አውሬ!» አልኩ።

«አውሬ አይደለችም አባዬ። ጢማም እንሽላሊት ናት። ሰው አትነካም።»

ወንበሮቹ ሁሉ ባንዴ ተለቀቁ። ቤቴ እንደዚያ ቶሎ ባዶ ሆኖ አያውቅም፤ ለዚያ ብቻ እንኳን አውሬዋን ወደድኳት። ርዝመቷ እስከ ክርኔ ይደርሳል። መልኳ አሸዋ ነው። ጎንና ጎኗ ላይ እሾህ የሚመስል ነገር ተደርድሯል፤ ሲነኩት ግን ይለሰልሳል። አገጯ ሥር ያለው ቆዳ ስትናደድ ይነፋና ይጠቁራል፤ ያኔ ጢሙን ያልተላጨ ሽማግሌ ትመስላለች። እኔን ትመስላለች ማለት ነው።

በየት በኩል አሳልፋ እንዳመጣቻት አልነገረችኝም፤ አልጠየቅኳትም። ልጄ ራሷ ከዚህ ስትወጣ በየት በኩል እንደሄደች የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ ስለ እንሽላሊት ማን ይጠይቃል? እንሽላሊቷ፣ ልጄ እዚያ ተቀጥራ ያሳደገቻት ሕፃን ንብረት ነበረች። ሕፃኗ አደገችና ለትምህርት ሌላ አገር ተላከች። እመቤቲቱም እንሽላሊቷን «አውጥተሽ ጣያት» አለቻት። ልጄን ደግሞ በዚያው ሳምንት አሰናበተቻት። ልጄ አልጣለቻትም። ይዛት መጣች።

ከዚያ የኋላው ክፍል ገባች፤ መስኮቱን ዘጋች፤ መጋረጃውን ሳበች። ቀን ቀን አትወጣም። ሰው «ምን ይዘሽ መጣሽ?» ይለኛል ብላ ነው። ሰው ደግሞ ይላል፤ ሰውን አውቀዋለሁ። የምታወራው ከእንሽላሊቷ ጋር ብቻ ነበር፤ በዓረብኛ ታወራታለች። ከእኔ ጋር በአማርኛ የምትለው «እሺ» እና «አልራበኝም» ነው። በየከሰዓቱ ስልኳ ይጮኻል። ደላላው ነው። እዚያው ዓረብ አገር የምትሠራበት ሌላ ቤት ተገኝቷል፣ ሕፃናት የሌሉበት ነው፣ እሺ በይ ይላታል። «አስብበታለሁ» ትለዋለች። ያቺ ቃል ግድግዳ አልፋ ሱቄ ድረስ ትሰማኛለች።

ሱቅ ካልኩት። ባጃጆች ተራ የሚጠብቁበት ጥግ ላይ ያለች የቆርቆሮ ሣጥን ናት፤ ብስኩት፣ ከረሜላ፣ ሳሙና እሸጣለሁ። በፊት ጫኝና አውራጅ ነበርኩ። ለጫኝ ጆንያ እንጂ ፊደል የሚሰጠው የለም። ወገቤ እምቢ ሲለኝ ሱቋን ከፈትኩ፤ ጢሜ ከሸበተ በኋላ የጎልማሶች ትምህርት ገባሁ፤ ያነበብኩት የመጀመሪያ ነገር የብስኩት ላስቲክ ነው። መምህሩ ሰሌዳ ላይ «በሬ» ሲጽፍ እኔ ሱቄ ገብቼ «የሚጣፍጥ» የሚለውን ሰባብሬ አነብ ነበር። ስለዚህ በታሸገ ነገር ማንም እንዲያታልለኝ አልፈልግም። ላስቲኩ ላይ ብርቱካን ይሣላል፤ ውስጡ ብርቱካን የነካው ነገር የለም። እኔ ነኝ የምሸጠው፤ አውቃለሁ።

እንሽላሊቷም ጣሳ ነበራት። ጣሳው ላይ አንዲት እንሽላሊት እንደ ሰው ትስቃለች፤ ዙሪያዋን ሙዝና ቀይ ፍሬ ተሥሏል። ጽሑፉ እንግሊዝኛና ዓረብኛ ነው። ገለባብጬ አየሁት፤ ያን ሁሉ ዓመት ለፍቼ ያመለጥኩት መሃይምነት ተመልሶ መጥቶ ደጄ ላይ ቆመ። ተናደድኩና ከፈትኩት። ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሽንብራ የሚያካክሉ ነገሮች ናቸው፤ ሽታቸው ሙዝ ሙዝ ይላል። አንዷን አፌ ውስጥ ጣልኳት።

«አባዬ! ምን ሆነሃል? የእሷ ነው'ኮ!»

«ከረሜላ ነው!» አልኳት። «ስኳር! ይቺን ፍጡር ከረሜላ ነው የምታበያት?»

«ማባበያ ነው። ልጅቷ በእጇ እየሰጠቻት ነው ያደገችው። ሌላ አትበላም።»

«ዋናው ምግቧስ ምን ነበር?»

«ሕይወት ያለው ፌንጣ በሣጥን ይመጣላት ነበር። ልጅቷ ፌንጣ ትጸየፋለች፤ እኔ ነበርኩ የማበላት። በኋላ ልጅቷ ጣሳውን ስታስለምዳት ፌንጣውን ተወችው። ጎመን ብሰጣትም ፊቷን ታዞራለች።»

እውነቷን ነው። እኔም ጎመን ከትፌ አቀረብኩላት። ዱባ ፍቄ አቀረብኩላት። በአንድ ዓይኗ አየችው፤ ቀጥሎ እኔን አየችኝ፤ ቀጥሎ ጣሳውን አየችው። ሱቄ ፊት ለፊት ቆመው እናታቸው ምሳ ስትጠራቸው የማይሰሙትን ልጆች አስታወሰችኝ። ብቻ ልጆቹ ይሮጣሉ፤ እሷ ግን ቀን በቀን እየደከመች ነበር። ልጄ ይዛላት የመጣችው ልዩ የማሞቂያ አምፖልም መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ብልጭ ድርግም ሲል ሰነበተና አንድ ቀን ቷ! ብሎ ተቃጠለ። ከዚያ ወዲህ ጨለማው ክፍል ውስጥ ሁለቱም ጋደም ብለው ነው የሚውሉት።

ጣሳው ደግሞ እየጎደለ ሄደ።

እኔ ሞኙ ጣሳውን ፍለጋ ተነሣሁ! ጭሮ ውስጥ ያልገባሁበት ሱቅ የለም። ባዶውን ክዳን እያሳየሁ «ይሄ አለ?» እላለሁ። አንዱ ባለ ሱፐርማርኬት ሥዕሉን አየና «አባቴ፣ ለሰው ልጅ የታሸገ ወተት ጠፍቶ ሰው ተሰልፏል፤ እርስዎ ለገበሎ ይፈልጋሉ?» ብሎ ሠራተኞቹን ጠርቶ አሳቀብኝ። ድሬዳዋ ለሚመላለስ ሾፌር ነገርኩት፤ እሱም ሲመለስ ከመኪናው ሳይወርድ ገና ከሩቅ እጁን አወዛወዘልኝ። የለም።

ከሱቄ አጠገብ ጫት የምትሸጥ ጎረቤት አለችኝ። ዕድሜያችን እኩል ነው፤ አፋችንም እኩል ነው። ሱቋ ሥር ፍየል ታስራለች። ቃሚ ለጋውን ቀጥፎ የሚጥለውን ቅጠል እዚህ ገራባ እንለዋለን፤ ያንን ለቅማ ለፍየሏ ትሰጣለች። የጭሮ ፍየል ገራባ በልቶ ነው የሚሰባው።

«አቦ! አንተ ሰውዬ፣ ዛሬም ፊትህ ኮሶ የጠጣ ሰው ነው» አለችኝ።

«አውሬዋ አልበላም አለች።»

«ፍየሌን እያት! ገራባ ነው ያሳደጋት። ወላሂ ከእኔ ትወፍራለች።»

«ከአንቺ የሚወፍር የለም።»

«እሱንም አላህ ነው የሰጠኝ። ለአንተ ምን ሰጠህ? ምላስ!»

ስድቧ ላይ ሳልቆም ፍየሏን አየሁ። ጸጉሯ ያብረቀርቃል። ምን ቸገረኝ አልኩ። ለፍየል የሆነ ለእንሽላሊት ምን ይሆናል? አንድ እፍኝ ገራባ አንሥቼ ገባሁ። ልጄ የከሰዓት እንቅልፍ ተኝታለች። ቅጠሉን ለአውሬዋ አቀረብኩላት። እንሽላሊቷ አሸተተች፤ ምላሷን ላክ አደረገች፤ ከዚያ ግንጥል አድርጋ በላች! ደገመች! ደስታዬ ከጣራ በላይ ሆነ። «በላች! በላች!» እያልኩ ጨፈርኩ፤ ልጄን ቀሰቀስኳት። ሁለታችንም ተንበርክከን አየናት። ልጄ እጄን ያዘችኝ። ከመጣች ወዲህ እጄን ስትይዘኝ የመጀመሪያዋ ነበር።

«ምንድን ነው የሰጠሃት?»

«ገራባ።»

እጄን ለቀቀችው። «ጫት?»

«ፍየሏ'ኮ—»

«አባዬ! ጫት የቃመ ሰው ምሳ ሲበላ አይተህ ታውቃለህ?»

እንደ እውነቱ አላውቅም። ዕድሜዬን ሙሉ ጫት ስጭን ኖሬ፣ የቃመ ሰው ምግብ እንደማያሻው ሕፃን ልጅ የሚያውቀውን ነገር ፍየል አይቼ ረሳሁት። በዚያው ቅጽበት የእንሽላሊቷ ጢም ጥቁር ብሎ ተነፋ። ዓይኗ ፈጠጠ። አፏን ከፍታ ግድግዳውን ትቧጥጥ ጀመር። ከዚህ ጥግ እዚያ ጥግ፣ ከዚያ ጥግ እዚህ ጥግ፤ መርቅኖ የሚያወራ ቃሚ ይመስል ጭንቅላቷን ወደላይ ወደታች ትነቀንቃለች። በኋላ እንደ ጨርቅ ዘርፈጥ አለች። የኋላ እግሮቿ ይንቀጠቀጣሉ።

ልጄ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ ሣጥኗን አነሣችና ወጣች። በቀን! በሰው ፊት! ተከትያት ሮጥኩ። ባጃጅ ያዝንና ከብት የሚታከምበት ቢሮ ሄድን። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ሣጥኑን ሲከፍተው ወንበሩን ይዞ ወደኋላ ሄደ።

«እኔ የማውቀው ላም፣ ግመል፣ በግ፣ ፍየል ነው» አለ። «እውነቱን ልንገራችሁ፣ የዚችን ሆድ አላውቀውም። ምን በላች?»

«ጫት አበላናት» አልኩ።

«አበላናት አትበል!» አለች ልጄ። «አበላኋት በል።»

«አበላኋት» አልኩ።

ሐኪሙ ሳቁን ዋጠ። ግን ጎበዝ ነው፤ አልናቃትም። ጓንቱን አጠለቀና እግሯን ዳሰሰ፤ መንጋጋዋን ጫን ጫን አደረገ። «ጫቱ ይወጣላታል፤ ውሃ በጠብታ ስጧት። እኔን የሚያስፈራኝ አጥንቷ ነው። ለስልሷል። ላም ወልዳ ካልሲየም ሲያጥራት ልክ እንዲህ ትንቀጠቀጣለች። ፀሐይ ታገኛለች?»

ልጄ አቀረቀረች። «አምፖል ነበራት። ተቃጠለ።»

«አምፖል?» ሐኪሙ በመስኮት ወደ ውጭ አየ። ውጭ የጭሮ ፀሐይ አስፋልቱን ታነድደዋለች። «ውጭ ያለውስ?»

ልጄ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ሳበች።

«ፀሐይ ከሌለች ካልሲየም ብትበላም አጥንቷ ውስጥ አይገባም። በየቀኑ ፀሐይ ትሙቅ። የእንቁላል ቅርፊት እንደ ዱቄት አድቅቁና ምግቧ ላይ ነስንሱ። ማባበያውን ተዉት፤ ሕይወት ያለው ነገር ትብላ፤ ፌንጣ። ቅጠልም አስለምዷት።»

«እምቢ ካለችስ?» አልኩ።

«እምቢ ካለች ብዙ አትቆይም፤ ልዋሽዎት አልፈልግም።»

ባጃጁ ውስጥ ልጄ ሣጥኗን ጭኗ ላይ አቅፋ ወደ ውጭ እያየች፣ ድምፅዋን ሳትቀይር እንዲህ አለች፤ «እሷ ከሞተች ደላላውን እሺ እለዋለሁ። እዚህ ምን ይዞኝ ነው?»

እኔ አለሁ ልላት ይገባ ነበር። ሰው እንዲህ ይላል አሉ። አፌ ግን ለስድብ እንጂ ለዚህ አልተሠራም። «ፌንጣ እናመጣለን» አልኳት። «ባጃጁን አቁመው፤ እዚሁ የጫት ማሳው ውስጥ ሞልቷል።»

ደግነቱ ባለ ባጃጁ ሳያቆምልኝ ሱቄ ደረስንና መጀመሪያ ለጎረቤቴ ነገርኳት። እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች። «ያ አላህ! ከጫት ማሳ? ፀረ ተባይ ተረጭቷል! እኔ ገራባውን ለፍየሌ የምሰጠው አጥቤ ነው፤ አንተ ሳታጥብ ነው እንዴ የወሰድከው?»

ጎንበስ ብዬ የፍየሏን ገመድ አስተካከልኩ።

«አቦ አንተ ሰው ጉድ ነህ! ጫት ወደሌለበት ውረዱ። ሚኤሶ ሂዱ፤ ማሽላ ታጭዷል፤ ፌንጣው እንደ አሸዋ ነው። ሙቀቱም ለእሷ ነው፤ ለእኔ አይሆንም እንጂ።»

በማግሥቱ ማለዳ ተነሣን። ልጄ የእንቁላል ቅርፊት ወቅጣ በላስቲክ ቋጠረች። ጣሳዋንም ያዘች፤ ውስጡ የቀሩት ከረሜላዎች ሲንኮሻኮሹ ይሰማሉ። መናኸሪያ ገብተን የኋላው ወንበር ላይ ተጠጋጋን፤ ሚኒባሱ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ አንድ ሰው ክርኑን ጎድኔ ውስጥ አስገብቷል። ረዳቱ ሣጥኗን አየ።

«እህት፣ ዶሮ ከሆነ ከላይ ነው የሚጫነው።»

«ዶሮ አይደለም» አለች ልጄ።

«ታዲያ ምንድን ነው? አሳዪኝ!»

ክዳኗን ከፈተችለት። እንሽላሊቷ ጢሟን ነፋች። ረዳቱ «እናቴ!» ብሎ ግማሽ አካሉ በበሩ ወጣ። ባለ ክርኑ ሰውዬ እንዴት እንደሄደ አላየሁም፤ ብቻ ፊት ለፊት ሰው ጭን ላይ ተቀምጧል። የኋላው ወንበር በሙሉ የእኛ ሆነ። ዕድሜዬን ሙሉ በሚኒባስ እንደ ሎሚ ተጨምቄ ስሄድ ኖሬ ያን ቀን እግሬን ዘርግቼ እንደ ባለሥልጣን ወረድኩ። ነጠላው ሥር ልጄ ስትስቅ ሰማኋት። ትንሽ ነበረች፤ በአፍንጫዋ ብቻ የወጣች ሳቅ። ግን ሰማኋት!

መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ቆላው ሲወርድ አየሩ እየሞቀ ይመጣል። ሚኤሶ ስንደርስ ከባድ መኪኖች ተሰልፈዋል፤ አቧራው ከንፈር ላይ ይጋገራል። በእግራችን ከከተማው ወጣን፤ የባቡሩን ሐዲድ ተሻገርንና የታጨደ የማሽላ ማሳ አገኘን። ልጄ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ መርጣ በእጇ ሙቀቱን ለካች፤ እንሽላሊቷን እላዩ ላይ አስቀመጠቻት።

መጀመሪያ ምንም አልሆነም። እንደ ቅጠል ተለጥፋ ቀረች። ከዚያ፣ እመኑኝ፣ መልኳ መቀየር ጀመረ! ከክፍሉ ይዛው የመጣችው አመዳም መልክ ከጀርባዋ እየለቀቀ ቢጫ ወጣ፤ ከቢጫው ሥር ብርቱካን የመሰለ ነገር ወጣ። ሆዷን ዘርግታ ፀሐይዋን ጠጣች ብል ይቀለኛል። አፏን ከፈተች። «ታመመች!» ብዬ ጮህኩ። «ሞቋት ነው፤ ስትሞቅ እንዲህ ነው የምትተነፍሰው» አለች ልጄ። ነጠላዋን ከፊቷ አወረደች፤ እሷም ሞቋታል።

ግመሎቿን የምትነዳ አንዲት ትልቅ ሴትዮ ከሩቅ አይታን መጣች። ዱላዋን ተደግፋ ቆመች፤ ድንጋዩን አየች፤ እኛን አየች።

«ኩን ማሊ?» አለች፤ ይሄ ምንድን ነው ማለቷ ነው።

እኔ ልመልስ ስል ልጄ ቀደመችኝ። በኦሮምኛ ታስረዳት ጀመር፤ ከየት እንደመጣች፣ ምን ስትበላ እንደኖረች፣ ጫቱን ሳይቀር! ልጄ ጫቱ ላይ ስትደርስ ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞራ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝና ግመሎቹ እስኪደነግጡ ሳቀች። ልጄ እጇን እያወናጨፈች ነው የምታወራው። ያ ሁሉ ወሬ ያን ሁሉ ጊዜ የት ነበር? እኔ ጆሮዬን ማመን አቅቶኝ ቆሜ ቀረሁ።

ልጄ ከጣሳው አንድ ቀይ ከረሜላ አውጥታ አሳየቻት። ሴትዮዋ አሸተተችና ፊቷን አጨማደደች። መልሳ መዳፏ ላይ አስቀመጠችላት። ከዚያ ጎንበስ አለችና በእጇ መሬቱን ፈጥና መታ አደረገች፤ ጣቶቿ መሀል አንድ ወፍራም ፌንጣ ይወራጫል። ትላልቆቹን እግሮች ቀንጥሳ ድንጋዩ ላይ ለቀቀችው።

ፌንጣው ተሳበ። እንሽላሊቷ ጭንቅላቷን ቀስ ብላ አዘነበለች። ትንፋሻችንን ያዝን። ፌንጣው ሌላ እርምጃ ተሳበ። የኋላ እግሮቿ ተንቀጠቀጡ፤ አንዱን ጎተተች፤ ሌላውን ጎተተች፤ ቆመች። ልጄ ከንፈሯን ነክሳለች። «በይ!» አልኩ በልቤ፤ በልቤ መስሎኝ ነበር፤ ጮኼ ነው ያልኩት፤ «በይ እንጂ አንቺ ሽማግሌ!»

ቷ! ምላሷ ወጣ። ፌንጣው የለም። ከዚያ ቀርሽ፣ ቀርሽ፣ ቀርሽ! እንደ ቆሎ ስታኝከው ይሰማል!

ከዚያ በኋላ የሆነውን በሥርዓት ማስታወስ አልችልም። ኮቴን አውልቄ ማሳው ውስጥ ገባሁ። ኮቱን እየጣልኩ እላዩ ላይ እወድቃለሁ፤ ስነሣ ፌንጣው ቀድሞኝ ሄዷል። ወገቤ ትዝ አላለኝም። ጆንያ የሰበረው ወገቤ! ሴትዮዋ ከዳር ሆና «በግራህ! በግራህ!» ትላለች፤ በግራዬ ስወድቅ በቀኜ ይዘላል። ልጄ እየሳቀች፣ አፏን ከፍታ እየሳቀች፣ በነጠላዋ ትይዛቸዋለች። እኔ አንድ ስይዝ እሷ እፍኝ ሙሉ ይዛለች።

«ምን ውስጥ እናድርጋቸው?» አልኩ።

ልጄ ጣሳውን አየችው። የምትስቀውን እንሽላሊት ሥዕል ትንሽ አየችና ክዳኑን ከፍታ የቀሩትን ከረሜላዎች መሬት ላይ ገለበጠቻቸው። ለዚያ ጣሳ ስንት ሰው ስቆብኛል! በሴትዮዋ ቢላ ክዳኑን በሳሳነው፤ ፌንጣዎቹን ከተትን፤ የቅርፊቱን ዱቄት ጨመርንባቸውና ልጄ ጣሳውን አንቀጠቀጠችው። ዱቄት የለበሱ ፌንጣዎች ሲወጡ ጸጉር አስተካካይ ቤት ገብተው የወጡ ይመስላሉ። እንሽላሊቷ ግን ለመልካቸው ግድ የላትም። በላች። በላች። በላች።

ከዚያ ወዲህ የኋላው መስኮት ክፍት ነው። ጠዋት ጠዋት ልጄ ሱቄ ፊት ለፊት የለስላሳ ሣጥን ገልብጣ እንሽላሊቷን ፀሐይ ታሞቃታለች። መጀመሪያ ሰው በሩቅ ያልፍ ነበር። አሁን የባጃጅ ሾፌሮች ተራቸውን ሲጠብቁ ይከቧታል። ስታያቸው አንድ እጇን አንሥታ በቀስታ በክብ ታዞራለች። ፈርታ ነው ትላለች ልጄ፤ ሾፌሮቹ ግን ሰላም ያለቻቸው መስሏቸው እጃቸውን አንሥተው ይመልሱላታል። «ምን ይዘሽ መጣሽ?» የሚላት የለም፤ ምን እንደያዘች ሁሉም እያየው ነው። ፌንጣ ለመያዝ ሚኤሶ ስትወርድ እኔን አታስከትለኝም፤ ታርበደብዳቸዋለህ አለችኝ። እግሯ ዛሬም አልፎ አልፎ ይንቀጠቀጣል፤ የእንሽላሊቷን ማለቴ ነው። ግን ትቆምበታለች።

ልጆች ከረሜላ ገዝተው ሊያጎርሷት ሲቀርቡ እጮኽባቸዋለሁ። «ዞር በሉ! እሷ ከረሜላ አትበላም!»

ጎረቤቴ ይህን ሰምታ ዝም የምትል ሴት አይደለችም። «አቦ፣ ለአውሬዋ የከለከልከውን ለሰው ልጅ ትሸጣለህ?»

«አንቺ ፍየልሽ እንዳትታመም አጥበሽ የምትሰጪውን ለሰው ሳታጥቢ ትሸጪ የለም?»

«ይሄ ሽማግሌ!» ብላ ጫቱን በእርጥብ ጆንያ ሸፈነችው። እኔም የከረሜላውን ዕቃ ወደ ኋለኛው መደርደሪያ ገፋሁት። ሁለታችንም ሥራችንን ቀጠልን፤ ምን እናድርግ?

የቀረን ጎመኑ ነበር። ፌንጣ ብቻ አይበቃም፤ ለሙሉ ጤናዋ ቅጠልም ያስፈልጋታል ብሏል ሐኪሙ። በየቀኑ ከትፈን እናቀርባለን፤ በየቀኑ ፊቷን ታዞራለች። አንድ ከሰዓት ልጄ አንድ ዘዴ አመጣች። ጎመኑን ሳትከትፍ ሙሉ ቅጠሉን ሣጥኑ ላይ ዘረጋችና መሀሉ ላይ ፌንጣ ለቀቀች። እንሽላሊቷ ፌንጣውን ስትቀልበው የጎመኑ ቁራጭ አብሮ አፏ ውስጥ ገባ። ቆመች። አኘከች። ዓይኗን ጨፈነች። ልጄ ሁለተኛ ፌንጣ በአንድ እጇ፣ ጣሳውን በሌላ እጇ ይዛ ቀጥ ብላለች። እኔ ባንኮኒው ላይ ተንጠላጥዬ አያለሁ። ፌንጣ የሌለበትን የጎመን ጫፍ እያሸተተች ነው።

በዚህ መሀል ስልኳ ጮኸ። ሰዓቱን ያውቃል፤ ደላላው ነው።

«አባዬ፣ እጄ ሙሉ ነው። አንሣውና አናግረው።»

«ምን ልበለው?»

ዓይኗን ከእንሽላሊቷ ላይ አላነሣችም። «ምሳ እያበላሁ ነው በለው።»

አነሣሁት። «ምሳ እያበላች ነው» አልኩ።

«ማንን?» አለ ደላላው። «ቤት ተገኝቷል'ኮ! ትመጣለች አትመጣም? ቁርጡን ንገሩኝ።»

ልጄን አየኋት። ሰምታዋለች፤ ድምፁ ከስልኩ ውጭ ይሰማል። ጭንቅላቷን ቀስ ብላ ግራና ቀኝ ነቀነቀች። በዚያች ቅጽበት ሣጥኑ ላይ ጎመኑ ከጥግ በኩል ግንጥል አለ።

«አትመጣም! ጎመኑን በላችው!» ብዬ ጆሮው ውስጥ ጮህኩበትና ስልኩን ዘጋሁት። ልጄ ጣሳውን ጥላ ትዘል ጀመር፤ ፌንጣዎቹ ሱቄ ውስጥ ተበተኑ፤ ጎረቤቴ «ምን ሆናችሁ?» እያለች መጣች። እኔ ብስኩቱ መሀል ፌንጣ ሳሳድድ ልጄ ከውጭ፣ «አባዬ፣ ጎመን ጨምር!» ትለኛለች።